ጠማማውን የሚያቀና አስቀድሞ ሐዲዱን ይመርምር

ሰው ሁሉ በየዕለቱ ሌላውን ሲያቀና ይውላል። አባት ልጁን፥ መምህር ደቀ መዝሙሩን፥ የነፍስ አባት የንስሐ ልጁን፥ ሹም ከበታቹ ያለውን፥ ወዳጅም ወዳጁን ይገሥጻል። ይህም መልካም ነው፤ ያለ ተግሣጽ ቤትም አገርም አይቆምምና። ነገር ግን ከዚህ ልማድ በታች አንድ ብርቱ ጥያቄ ተሰውሮ ይገኛል። ይኸውም ራሱ ያልቀና ሰው ሌላውን ሊያቀና ይችላልን? የማይችል ከሆነስ ፍጹም ቀጥ ያለ ሰው በዚህ ዓለም ስለማይገኝ ተግሣጽ ሁሉ ይቅርን? የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ከታላላቅ መጻሕፍት በቀር ከሌላ ስፍራ መልስ የሚገኝለት አይመስለኝም ነበር። ባለፈው በጋ ግን በቤቴ ግቢ ውስጥ አንድ ወፍራም ጣውላ ለማስተካከል ስደክም፥ በመጻሕፍት ያነበብሁት ነገር በእጄ ሥራ ላይ ተገልጦ አየሁት። ስለዚህ የሥራውን ነገር እንደ ሆነው አድርጌ እተርካለሁ። ክቡራን አንባቢዎችም ስለ እንጨት ጥቂት መናገሬን በትዕግሥት ይቀበሉልኝ ዘንድ እለምናለሁ፤ ምሳሌ የሚጠቅመው ምሳሌ የሆነው ነገር በትክክል የታወቀ እንደ ሆነ ብቻ ነውና።

አባቴ በወጣትነቱ የተከለው አንድ ዋንዛ ነበረ። እርሱ ካረፈ በኋላ፥ ዛሬ 4 ዓመት ሊሆነው ነው፥ በክረምት ነፋስ ወደቀ። ለማገዶ ይሁን ያለ ዘመድም አልታጣም። እኔ ግን ግንዱ በቁመቱ በመጋዝ እንዲሰነጠቅ አደረግሁ። ከወጡት ጣውላዎች ትልቁ ቁመቱ 2 ሜትር፥ ወርዱ 70 ሳንቲ ሜትር፥ ውፍረቱም 7 ሳንቲ ሜትር ነበረ። ይህን ጣውላ የአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት የሚያነቡበት ጠረጴዛ አደርገው ዘንድ ለራሴ ቃል ገባሁ። በ25 ሚሊሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይድረቅ የሚል የቆየ የአናጢዎች ግምት ስላለ፥ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባበት፥ ነፋስ እንዲያገኘው ፀሐይም እንዳይመታው ሆኖ ከጥላ በታች ተከምሮ ቈየ።

ጊዜው ደርሶ ባወጣሁት ጊዜ ጣውላው ተጣሞ ነበር። በተስተካከለ ገበታ ላይ ባጋድመው ሦስቱ ማዕዘኖች ሲቀመጡ አራተኛው 14 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ቀረ፤ በእጅ ሲነኩትም ይወዛወዛል። እኔም በመጀመሪያ ተቈጣሁ፤ ግንዱ ቆሞ ሳለ ቀጥ ያለ ነበረና። ነገር ግን የጠማማነቱ ምክንያት ሲመረመር ቍጣን የሚያበርድ ነው። በእርጥብ እንጨት ውስጥ ያለው ውሃ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚገኘው ነው፤ ሁለተኛው የቀዳዳዎቹን ግድግዳ ያረጠበው ነው። የመጀመሪያው ሲወጣ እንጨቱ መጠኑን አይለውጥም። እርጥበቱ ከደረቅ ክብደቱ 30 ከመቶ ከሚያህለው በታች ሲወርድ ግን ሁለተኛው መውጣት ይጀምራል፤ እንጨቱም ይኮማተራል። የሚኮማተረውም እኩል አይደለም። የዕድሜውን ቀለበት ተከትሎ የሚኮማተረው፥ ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ነው፤ በቁመቱ ግን እጅግ ጥቂት ነው። እንግዲህ ጣውላው የተጣመመው የሚጎትቱት ኃይሎች እኩል ስላልሆኑ ነው እንጂ ከክፋት የተነሣ አይደለም። ከሰዎችም ብዙዎቹ የተጣመሙት እንዲህ ነው፤ በአንድ ወገን ድኅነት፥ በሌላ ወገን ኀዘን፥ በሌላም ወገን የክፉ ወዳጅ ምክር እየጎተታቸው ደረቁ። የሚገሥጽ ሰው ይህን ሳያውቅ እጁን ባያነሣ ይሻላል።

እንጨት የሚቃናው በእርጥቡ ነው የሚለውን አነጋገር ሁላችን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ይህ ስለ ዱላና ስለ በትር እውነት ነው፤ እርጥብ በትር በእሳት ተለብልቦ ወደ ተፈለገበት ይታጠፋልና። የጣውላ ሕግ ግን የተገላቢጦሽ ነው። እርጥቡን ጣውላ ዛሬ ብታስተካክለው ሲደርቅ እንደ ገና ይጣመማል፤ ድካምህም ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ማቅናት ሁለት ዓይነት መሆኑን ልብ እንበል። አንደኛው በማጠፍ ነው፤ ይህም የሕፃናት ተግሣጽ ነው። ሁለተኛው በመቀነስ ነው፤ ይህም ዕድሜውን የጨረሰ፥ የደረቀ፥ ጠባዩን የያዘ ሰው ተግሣጽ ነው። ጐልማሳውን እንደ ሕፃን ልናጥፈው ብንሞክር ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም። ከእርሱ ዘንድ የሚቻለው ትርፉን በጥቂት በጥቂቱ ማንሣት ነው፤ ለዚህም ጊዜው እስኪደርስ መታገሥ ያስፈልጋል።

አሁን ስለ መሣሪያው እንናገር። ወርዱ 70 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ጣውላ በአንድ ጊዜ የሚያስተካክል ማሽን በታላላቅ ፋብሪካዎች እንጂ በቤት አይገኝም። በእጅ መላጊያ መላግ ይቻላል፤ ነገር ግን የሠለጠነ ክንድና ብዙ ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ በቤታቸው የሚሠሩ አናጢዎች አንድ ብልሃት አግኝተዋል። ሩተር የሚባለው በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ከሥሩ ስለት አለው፤ ስለቱም እንደ ዓይነቱና እንደ ስለቱ ስፋት በደቂቃ ከ10,000 እስከ 20,000 ጊዜ፥ ከዚያም በላይ ይሽከረከራል። ኃይሉ ብዙ ነው። ነገር ግን ይህን ሁሉ ኃይል በጠማማው ጣውላ ላይ በቀጥታ ብታስቀምጠው ምንም አያቀናም። ጣውላው ከፍ ሲል ከፍ ይላል፥ ዝቅ ሲልም ዝቅ ይላል፤ ጠማማነቱን ከላይ ወደ ታች አውርዶ እንደ ገና ይጽፈዋል እንጂ አያጠፋውም። የሚያቀናው ነገር በሚቃናው ነገር ላይ የተደገፈ እንደ ሆነ ማቅናት የለም።

ስለዚህ ከጣውላው ውጭ የሆነ መደገፊያ ይሠራል። በጣውላው ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም ሐዲዶች ይቆማሉ። በሐዲዶቹም ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደ ድልድይ የተጋደመ፥ መንኰራኵር የሌለው፥ ወዲህና ወዲያ የሚንሸራተት የእንጨት ሠረገላ ይቀመጣል። ሩተሩ በዚህ ሠረገላ ውስጥ ሆኖ ከጣውላው ወርድ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል፤ ሠረገላውም በሐዲዱ ላይ ጥቂት በጥቂት ወደ ፊት ይገፋል። ስለቱ በአንድ ጊዜ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊሜትር የበለጠ አይወርድም፤ የሚቀጥለውም መንገድ የቀደመውን በከፊል ይደርባል። ዓይን በመነጽር፥ አፍንጫም በመሸፈኛ፥ ጆሮም ከጩኸቱ ይጠበቃል፤ ሰጋቱራው እንደ ጉም ይነሣልና። አንዱ ገጽ ቀጥ ካለ በኋላ ጣውላው ይገለበጣል፤ የተስተካከለው ገጽ በገበታው ላይ ተቀምጦ ሁለተኛው ይቆረጣል፤ ሁለቱም ገጾች ትይዩ ሆነው ይወጣሉ።

በዚህ ሥራ ጀማሪ የሆነ ሰው የሚፈተንበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ጣውላው ሲወዛወዝበት በሞርሳ ጠፍሮ ወደ ገበታው ይጫነዋል። ተጭኖም ሳለ ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ቢቆርጡትም ገጹ እንደ መስተዋት ይሆናል። ሞርሳው በተፈታ ጊዜ ግን ጣውላው ወደ ነበረበት ተመልሶ ይነሣል፤ የተቆረጠውም ገጽ ከእርሱ ጋር ይጣመማል። የሚገባው መንገድ ሌላ ነው። ጣውላው እንደ ተጣመመ በገበታው ላይ ይቀመጣል፤ ከገበታው በራቀበት ስፍራ ሁሉ ሽብልቅ እየገባበት እስከማይነቃነቅ ድረስ ይደገፋል። ከዚያ በኋላ ብቻ ስለቱ ይመጣል። በፍርሃት የተጫነ ሰው በፊታችን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዘወር ስንል ግን እንደ ነበረ ይሆናል። ባለበት ስፍራ ሳለ የተደገፈ ሰው ግን የሚነሣለትን ትርፍ ያለ መንቀጥቀጥ ይቀበላል።

ሽብልቅ ሌላም ጥቅም አለው። የእኔ ጣውላ አንዱ ማዕዘን በ14 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ነበር ብያለሁ። ሦስቱን ማዕዘኖች አስቀምጬ በአራተኛው ላይ ብቻ ብፈርድ ኖሮ፥ ሁለቱ ገጾች እስኪስተካከሉ ድረስ ከ70 ሚሊሜትሩ ውፍረት 14 ይጠፋና 56 ብቻ ይቀር ነበር። ነገር ግን ከፍታው በሽብልቅ ለአራቱ ማዕዘኖች የተካፈለ እንደ ሆነ፥ የሚጠፋው 7 ብቻ ሆኖ 63 ይቀራል። እንጨቱ ያው ነው፤ ጠማማነቱም ያው ነው፤ የጠፋው ግን በግማሽ አነሰ። በቤተ ሰብም ሆነ በማኅበር ጥፋት በተገኘ ጊዜ ሦስቱን ንጹሕ፥ አንዱን ብቻ በደለኛ አድርጎ መቁጠር እጅግ ይቀልለናል። ጥፋቱ በማን በማን በኩል እንደ መጣ መርምሮ ለሁሉም ድርሻውን የሰጠ ዳኛ ግን ከሰውየው ብዙ ያተርፋል። የተቆረጠ ውፍረት አይመለስምና፥ ማቅናት ሁልጊዜ ዋጋ እንዳለው መዘንጋት አይገባም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አውቄ ሠራሁ። ሐዲዶቹን ከአንድ እንጨት አወጣኋቸው፤ ጎን ለጎን ባስተያያቸው ልዩነት የላቸውም። ካቆምኋቸውም በኋላ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለት ክሮች አሻግሬ ወጠርሁ። ክሮቹ በመካከል እንደ መስቀል ተላልፈው ሳይጋፉም ሳይራራቁም በጥቂቱ የተነካኩ እንደ ሆነ፥ አራቱ የሐዲድ ጫፎች በአንድ ገጽ ላይ ናቸው ማለት ነው። ተነካኩ። ደስ ብሎኝ ቀኑን ሙሉ ቆረጥሁ። ማታ ቀጥ ያለ ረጅም ብረት በጣውላው ላይ ባጋድም ግን ከመካከሉ 3 ሚሊሜትር ጎድጕዶ አገኘሁት። ወዲያውም፥ «ይህ ዋንዛ አልደረቀም፤ ስቆርጠው ተጣመመብኝ፤» ብዬ በእንጨቱ ፈረድሁበት።

በጎረቤታችን በአናጢነት ያረጁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በማግሥቱ ጠርቻቸው ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። ጣውላውን አልነኩትም። «ልጄ፥ ሐዲዱንስ ጠይቀኸዋል?» አሉኝ። እኔም፥ «ጋሼ፥ ሁለቱ ሐዲዶች በትክክል ይስማማሉ፤ በክርም ፈትኛቸዋለሁ፤» አልሁ። እርሳቸውም፥ «መስማማታቸውን አላጣሁትም፤ እኔ የጠየቅሁህ እውነተኞች መሆናቸውን ነው፤» አሉና አንድ ሲባጎ አውጥተው በአንደኛው ሐዲድ ቁመት ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጠሩት። ከመካከሉ ላይ ሐዲዱ ከሲባጎው ሸሽቶ ዝቅ ብሎ ታየ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ሐዲዶቹ በጫፍ በጫፋቸው ብቻ ስለ ተደገፉ፥ በሠረገላውና በሩተሩ ክብደት ሁለቱም በአንድ ልክ ጎብጠው ኖረዋል። እኔ የፈተንሁት አራቱን ጫፎች ብቻ ነበር፤ በጫፎቹም ዘንድ ሐሰት አልተገኘም። ሠረገላው የሐዲዱን ጉብጠት አንድ ነገር ሳያስቀር ወደ ጣውላው ገለበጠው። እንጨቱ ንጹሕ ነበር፤ ጠማማው እኔ ያቆምሁት ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ የሚገኘውን ትምህርት አስተውል። ሁለት ሐዲዶች እርስ በርሳቸው ስለ ተስማሙ ቀጥ ያሉ ናቸው ማለት አይደለም። ሁለት ሰዎች፥ ሁለት መቶም ቢሆኑ፥ በአንድ ልክ ጎብጠው ሊስማሙ ይችላሉ። ይህን ነገር የብረት ሠራተኞች ከብዙ ዘመን በፊት አውቀውታል። ጆሴፍ ዊትዎርዝ የሚባለው የእንግሊዝ መሐንዲስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1840 ዓ.ም. በግላስጎው ከተማ በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ስለ ብረት ገጽ አስተካከል ንግግር አድርጎ ነበር። የነገሩ ምሥጢር እንዲህ ነው። ፍጹም ቀጥ ያለ ገጽ ከቶ በሌለበት ስፍራ ቀጥ ያለ ገጽ ለማግኘት ሁለት ሰሌዳ አይበቃም። ሁለቱን እርስ በርሳቸው ብናፋጫቸው፥ አንዱ ጎድጓዳ ሌላውም ጎባጣ ሆኖ ያለ ክፍተት ሊገጥሙ ይችላሉ። ሦስተኛ ሰሌዳ መጥቶ ከእያንዳንዳቸው ጋር በየተራ ሲገጣጠም ግን ሐሰቱ ይገለጣል፤ ጎባጣው ከጎባጣ ጋር ሊገጥም አይችልምና። ሦስቱም እርስ በርሳቸው ሁሉ የገጠሙ እንደ ሆነ ብቻ ሦስቱም ቀጥ ያሉ ናቸው። የጥንቱ ሕግ ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር እንዲጸና ማዘዙን በዚህ ጊዜ አሰብሁ፤ ሦስተኛው ምስክር ከሁለቱ ወዳጅነት ውጭ የሆነ እንደ ሆነ ጥቅሙ ምን ያህል እንደሚበልጥም ተረዳሁ።

ከዚህ ቀጥሎ፥ «ሐዲዱን ሲባጎ ፈተነው፤ ሲባጎውንስ ማን ይፈትነዋል?» የሚል ጠያቂ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሲባጎ ቀጥ የሚለው ኃይል ስላለው አይደለም፤ ምንም ነገር አይቆርጥም፥ አይሸከምም፥ አይጫንም። ከሁለት ወገን በብርቱ ተወጥሮ የራሱን ፈቃድ ስለ ተወ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን አጭር መንገድ ይይዛል። ቱንቢም እንዲሁ ነው፤ ግንበኛ የሚያምነው ክሩ ወደ ምድር ስለ ተጎተተና ወደ ግራም ወደ ቀኝም ስለማያዳላ ነው። ነቢዩ አሞጽ በራእዩ ያየው ቱንቢን እንጂ መዶሻን አለመሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ሥራ ውስጥ ኃይል ያለው ሩተሩ ነው፤ የመለካት ሥልጣን ግን የተሰጠው ለደካማው ክር ነው። እነዚህ ሁለቱ በተቀላቀሉ ጊዜ፥ ይኸውም ኃይል ያለው ሁሉ ልኩም እኔ ነኝ ባለ ጊዜ፥ ጥፋት ይሆናል። የሚገሥጽ ሰው ብርቱ ድምፅ ስላለው፥ ወይም ማዕርጉ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ ልክ የሆነ ሊመስለው አይገባም። ልኩ ከእርሱም ከሚገሥጸውም ውጭ ነው። እኛ ምእመናን ይህን ልክ የእግዚአብሔር ሕግ እንለዋለን፤ ሕጉም በካህኑና በምእመኑ፥ በአባቱና በልጁ ላይ አንድ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ያልቀና ሰው ሌላውን ያቀናልን? የሐዲዱ ነገር ሁለት መልስ ይሰጠናል። መጀመሪያ፥ ያልተመረመረ ጉብጠት ያለ ጥርጥር ወደ ተማሪው ይተላለፋል። በአፍ የተነገረው ቀጥ ያለ ቃል አያግደውም፤ ስለቱ የሚከተለው የሚሠራውን ሰው አሳብ አይደለም፥ ሐዲዱን ነው። ሐሰት የሚናገር አባት ስለ እውነት ቢሰብክ፥ ልጁ የሚወስደው ስብከቱን ሳይሆን ሐዲዱን ነው። ሁለተኛ፥ ሐዲዱ ጎበጠ ተብሎ ሥራው አይተውም፥ ሐዲዱም ለእሳት አይጣልም። ሽማግሌው ያደረጉት ነገር ቀላል ነበር። በየሐዲዱ መካከል ሁለት ሁለት ድጋፍ አቆሙ፤ በሽብልቅም እስከ ሲባጎው ድረስ ከፍ አደረጉት። ያው ሐዲድ፥ በተፈጥሮው የሚጎብጠው ሐዲድ፥ ስለ ተደገፈና ስለ ተመረመረ ለማቅናት በቃ። እንግዲህ ከገሣጭ የሚፈለገው ፍጹምነት አይደለም፤ የሚጎብጥበትን ስፍራ ማወቁና ድጋፍን አለመናቁ ነው። ለካህንም የነፍስ አባት ያስፈልገዋል መባሉ ለዚህ ነው።

ጌታ በወንጌል ስለ ጉድፍና ስለ ምሰሶ የተናገረው ምሳሌ ከአናጢ ቤት የወጣ ነው፤ እርሱም በናዝሬት የጸራቢ ልጅ ይባል ነበር። ብዙ ሰዎች ይህን ምሳሌ የሚጠቅሱት ገሣጩን ዝም ለማሰኘት ነው። ነገር ግን ምሳሌው የወንድምን ጉድፍ ማውጣት አይከለክልም፤ ቅደም ተከተሉን ይወስናል እንጂ። አስቀድሞ የራስ ምሰሶ ይወጣል፤ ይህም የሚሆነው የወንድምን ጉድፍ አጥርቶ አይቶ ለማውጣት ነው። እንዲሁም አናጢ ሐዲዱን የሚመረምረው ጣውላውን ስለ ተወ አይደለም፤ ስለሚወድደው ነው።

የራሴን ነገር ሳልናገር ብቀር ሐሰተኛ እሆናለሁ። በዚያው ሳምንት የ15 ዓመት ልጄን ስለ ቁጡነቱ ገሥጬው ነበር፤ የገሠጽሁትም በቁጣ እየጮኽሁ ነው። እናቱም እኔም በነገሩ ተስማምተን ነበር፤ ሁለታችን ስለ ተስማማንም ልክ የሆንን መስሎን ነበር። ልጁ ምንም አልመለሰልኝም፤ በሩን በኃይል ዘግቶ ገባ። ያን ጊዜ፥ «ይህ ልጅ አይመከርም፤» አልሁ። ሽማግሌው ስለ ሐዲዱ በጠየቁኝ ማታ ግን ያ የበር ድምፅ ተመልሶ መጣብኝ፤ በሩ የተዘጋው በእኔ ድምፅ ልክ ነበርና። በማግሥቱ ልጄን ጠርቼ የሆነውን ነገርሁት፤ ይቅርታም ጠየቅሁት። ለአባት ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ክብሬ የሚቀንስ መስሎኝ ነበር፤ እርሱ ግን፥ «አባባ፥ እኔም እጮኻለሁ፤» ብሎ ራሱን ገሠጸ። እኔ በጩኸት ያላገኘሁትን ቃል ከአፉ ሰማሁ።

ጣውላውን እንደ ገና ስንቆርጥ ልጄ አብሮኝ ነበረ። ሲባጎ ለብቻ ለመወጠር አስቸጋሪ ነው፤ በሌላው ጫፍ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። እርሱ በዚያ ወገን ያዘ፥ እኔም በዚህ ወገን ያዝሁ፤ ዝቅ ብለን በአንድ ዓይን እያየን፥ «ገና ነው፥ ጥቂት ይነሣ፤» ይለኝ ነበር። የእኔ ስሕተት የበላው 3 ሚሊሜትር ግን አልተመለሰም። 63 ይቀር የነበረው ውፍረት 60 ሆኖ ተፈጸመ። ጠረጴዛው ለማገልገል ይበቃል፤ ነገር ግን በሚያይ ሁሉ ፊት ቀጭን ነው ባይባልም እኔ ምን እንደ ጎደለው አውቃለሁ። ንስሐ በደልን ያስተሰርያል፤ በደሉ በሌላው ላይ ያጠፋውን ውፍረት ግን ሁልጊዜ አይመልስም። ስለዚህ ከመገሠጽ በፊት መመርመር፥ ከገሠጹ በኋላ ከመጸጸት ይሻላል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልጨምር። ቀጥ ያለ ጣውላ ለዘለዓለም ቀጥ ብሎ አይኖርም። በክረምት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፥ በበጋም ይመልሳል፤ ወርዱም በጥቂቱ ይሰፋል፥ በጥቂቱም ይጠባል። ስለዚህ አስተዋይ አናጢ የጠረጴዛውን ገበታ ከእግሮቹ ጋር ሲያያይዝ፥ ብሎኑ የሚገባበትን ቀዳዳ ሞላላ አድርጎ ለእንቅስቃሴው ስፍራ ይተውለታል። ስፍራ ያልተወለት ጣውላ ይሰነጠቃል። ከሁለቱም ገጽ እኩል የሆነ መጠን ማንሣትና ሁለቱንም ገጽ እኩል በዘይት መቀባትም ለዚህ ይረዳል፤ አንዱ ወገን ብቻ ከተነካ ሌላው ይጎትተዋልና። ያቀናነው ሰውም እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ ተቃና ብለን በጠባብ ቀዳዳ ጠፍረን ብናስረው በወቅቱ መለዋወጥ ይሰነጠቃል፤ ጥቂት ስፍራ የተወንለት እንደ ሆነ ግን ከዓመት ዓመት ቀጥ ብሎ ያገለግላል።

ዛሬ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሕፃናት ፊደል ይቆጥራሉ። ከእኛም እያንዳንዳችን በአንድ ሕፃን ግራና ቀኝ የቆምን ሐዲዶች ነን። ሕፃኑ የምንለውን ሊረሳ ይችላል፤ የቆምንበትን መስመር ግን በገጹ ላይ ተጽፎ እናገኘዋለን። ስለዚህ ሌላውን ለማቅናት እጃችንን ከማንሣታችን በፊት ሲባጎውን እንወጥር፤ በሌላውም ጫፍ የሚይዝልንን ሰው እንጥራ። የጎበጠውን መደገፍ፥ የተጣመመውን ማቅናት የሚቻለው አምላክ ለሁላችን ማስተዋልን ይስጠን።